የቅጠል ስቶማታ ለምን አይነካኩም? ቁጥራቸውስ መቼ ይወሰናል?

ጥያቄ፦ «የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር የቅጠል ጀርባ በማይክሮስኮፕ ስንመለከት ስቶማታዎቹ ተራርቀው ነው የሚታዩት፤ አንዱ ከሌላው ተጣብቆ አላየንም። መጽሐፋችን ‹በቅጠሉ ገጽ ላይ ተበትነው ይገኛሉ› ብሎ ያልፈዋል። እኔ ደግሞ ቅጠሉ እያደገ ሲለጠጥ ሕዋሳት እየተላቀቁ ቀዳዳ እንደሚፈጥሩ፣ ርቀቱም ከዚሁ መለጠጥ እንደሚመጣ ነገርኳቸው። ልክ ነኝ? ሌላው፣ ተክል ውሃ ሲያጥረው የስቶማታውን ቁጥር ይቀንሳል ሲባል ሰምቻለሁ። ለሁለት ሳምንት ውሃ ቀንሰን ያንኑ ቅጠል መልሰን ብንቆጥር ልዩነቱን እናያለን? ቁጥሩን የሚቀንስ በቅጠል ላይ የሚረጭ ነገርስ አለ?»

ምላሽ፦

መለጠጥ ስቶማ (ቅጠሉ አየር የሚያስገባበትንና ውሃ የሚያስተንንበትን ጥቃቅን ቀዳዳ፤ ሲበዛ ስቶማታ) አይፈጥርም። ርቀቱንም አይፈጥርም፤ ቀድሞ የነበረውን ርቀት ያሰፋዋል እንጂ። አድጎ ባበቃ ቅጠል ላይ ውሃ በመቀነስ የስቶማታን ቁጥር መለወጥ አይቻልም። ስለዚህ ያሰቡት ሙከራ ምንም አያሳይዎትም። በቅርቡ ወጥቶ ገና በማደግ ላይ ያለ ቅጠል ከመረጡ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ የተሳሳተ ነገር ያሳይዎታል። የሚረጨውን ወደ መጨረሻው አነሣዋለሁ፤ አጭሩ መልስ ግን አይፈልጉት የሚል ነው።

በመጀመሪያ ቀዳዳው ከምን እንደሚሠራ እንመልከት። ስቶማ ሁለት ዘብ ሕዋሳትና በመካከላቸው ያለው ክፍተት ነው። ሁለቱ ዘብ ሕዋሳት ከአንድ እናት ሕዋስ እኩል ተከፍለው የወጡ ናቸው። ሲከፈሉ በመካከላቸው የጋራ ግድግዳ ይሠራል፤ ግድግዳው በመሐሉ አካባቢ ይወፍራል፤ ከዚያም ሁለቱን ያጣበቀው፣ በአብዛኛው ከፔክቲን የተሠራው ንብርብር በዚያ ቦታ ይለቃል። ጫፍና ጫፉ ግን እንደተያያዘ ይቀራል። ቀዳዳው ይኸው ነው። አንድ ሕዋስ ሞቶ የተወው ባዶ ቦታ አይደለም፤ ሕዋስ ተበስቶ የመጣም አይደለም፤ ማንኛቸውም ሁለት ጎረቤታሞች ቅጠሉ ስለሳባቸው የተላቀቁበትም አይደለም። «ሕዋሳት ይላቀቃሉ» ማለትዎ ትክክል ነው፤ የሚላቀቁት ግን ለዚሁ ሥራ የተወለዱት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ለተማሪዎቹ ማረም ያለብዎት ይህንን ነው።

ታዲያ እናቲቱ ሕዋስ ከየት መጣች? ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ቅጠሉ ገና ለዓይን የማይሞላ ቡቃያ ሳለ የውጭ ሽፋኑ ሕዋሳት ይመሳሰላሉ። ከእነሱ አንዳንዶቹ ለሁለት ሲከፈሉ እኩል አይከፈሉም፤ አንዲት ትንሽና አንድ ትልቅ ሕዋስ ይወጣሉ። ትንሿ ሜሪስተሞይድ ትባላለች፤ ወደ ስቶማነት የምታመራው እሷ ናት። ትልቁ በአብዛኛው ተራ የሽፋን ሕዋስ ይሆናል። ሜሪስተሞይዷ ወዲያው ስቶማ አትሆንም። ይህ ሁሉ በስፋት በተጠናበት በአራቢዶፕሲስ፣ ማለትም በጎመን ቤተሰብ በሚመደበው ትንሽ ተክል፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ጊዜ እኩል ያልሆነውን ክፍፍል ትደግማለች፤ በየጊዜውም አቅጣጫውን እያዞረች ትልቁን ቁራጭ ወደ ውጭ ትተዋለች። በመጨረሻ ክብ ትሆናለች፣ መቁረሷን ታቆማለች፣ አንድ ጊዜ ብቻ እኩል ትከፈልና ሁለቱን ዘብ ሕዋሳት ታስገኛለች።

ውጤቱን ልብ ይበሉ። እያንዳንዱ ክፍፍል ትንሿን ሕዋስ ስቶማ በማይሆን ቁራጭ ከጎኗ እያጠራት ይሄዳል። በጎመን ቤተሰብ ቅጠሎች ላይ አንዱን ስቶማ መጠናቸው በሚለያይ ሦስት ሕዋሳት ተከቦ የምናየው ከዚህ ጠመዝማዛ አከፋፈል የተነሣ ነው። እንግዲህ የርቀቱ አንዱ ክፍል ከትውልድ ሐረግ ይመጣል፤ ስቶማው ሲወለድ አጥሩን ይዞ ይወለዳል።

ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። ሽፋኑ በብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ ነው የሚሠራው፤ ከሁለት የተለያዩ ሐረጎች የመጡ ሜሪስተሞይዶች ድንበር ላይ ቢገናኙስ? ደግሞም ትልቁ ሕዋስ ሁልጊዜ ተራ ሆኖ አይቀርም፤ አንዳንዴ እሱም እኩል ባልሆነ ክፍፍል ይከፈልና አዲስ ትንሽ ሕዋስ ያወጣል። ያኔ አዲሷ ሕዋስ ከነባሩ ስቶማ አጠገብ ሳይሆን በተቃራኒው ጫፍ ትቀመጣለች። ይህን ያለ ንግግር ማድረግ አይቻልም። ሕዋሳቱ የሚነጋገሩት ወደ ውጭ በሚለቋቸው ትናንሽ የፕሮቲን መልእክቶች ነው።

ሁለቱን መልእክቶች በስም ልጥቀስ። ኢፒኤፍ-2 ገና በመጀመሪያው ደረጃ ይለቀቅና ጎረቤቶች ወደ ስቶማ መንገድ እንዳይገቡ ይከለክላል። ኢፒኤፍ-1 ትንሽ ዘግይቶ ይመጣል፤ አዲስ ክፍፍል ከነባሩ ስቶማ ርቆ እንዲደረግ የሚያደርገው እሱ ነው። መልእክቱን በሕዋሱ ሽፋን ላይ የሚቀበሉት ኢሬክታ የተባሉ ተቀባይ ፕሮቲኖችና አጋራቸው ቲኤምኤም ናቸው። ከእነሱ በኋላ ዮዳ በሚባል ፕሮቲን የሚጀምር የኢንዛይሞች ቅብብል አለ፤ የቅብብሉ የመጨረሻ ሥራ ስፒችለስ የተባለውን ፕሮቲን ፎስፌት ለጥፎበት ለጥፋት መዳረግ ነው። ስፒችለስ ከሌለ የመጀመሪያው እኩል ያልሆነ ክፍፍል የለም፤ ክፍፍሉ ከሌለ ስቶማ የለም። ባጭሩ አንዲት ሕዋስ በመንገዱ ስትገፋ የጎረቤቶቿን ስፒችለስ ታስቀንሳለች።

ከታች ደግሞ ተቃራኒ መልእክት ይመጣል። ስቶማጀን ይባላል፤ የሚለቁት ከሽፋኑ በታች ያሉት፣ ፎቶሲንተሲስ የሚያካሂዱት የውስጥ ሕዋሳት ናቸው። ስቶማጀን ያንኑ ተቀባይ ከኢፒኤፍ-2 ጋር ይሻማል፤ ቦታውን ሲይዝ ክልከላው ይላላል፣ ስቶማታ ይበዛሉ። እኔን በዚህ ሁሉ ውስጥ በጣም የሚያስደስተኝ ይኸኛው ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የሚፈልገው የውስጡ ሥጋ ስለሆነ ቀዳዳ እንዲሠራለት ሽፋኑን የሚጠይቀውም እሱው ነው።

ሦስተኛው ነገር የሕዋሱ የራሱ አቅጣጫ ነው። እኩል ያልሆነ ክፍፍል ለማድረግ ሕዋሱ የትኛው ጎኑ ለትንሿ፣ የትኛው ለትልቁ እንደሚሆን አስቀድሞ መለየት አለበት። ባዝል የተባለ ፕሮቲን ከሕዋሱ ሽፋን ሥር በአንድ ጎን ብቻ እንደ ጨረቃ ግማሽ ተከምችቶ ይታያል፤ ክፍፍሉ የሚደረገው ከዚያ ጎን ርቆ ነው። ከክፍፍሉ በኋላ ባዝል በትልቁ ሕዋስ ውስጥ ይቀራል፤ እዚያም የዮዳን ቅብብል ወደራሱ ስቦ የዚያን ሕዋስ ስፒችለስ ያዳክማል። ሁለቱ ከአንድ እናት ወጥተው ዕጣቸው የሚለያየው በዚህ ነው። ነባር ስቶማ አጠገቡ ሲኖር ባዝል ወደ ስቶማው ባለው ጎን ይቀመጣል፤ አዲሷ ትንሽ ሕዋስም በሌላው ጫፍ ትወጣለች።

ይህ ሁሉ የታወቀው በአብዛኛው ጂናቸው የተበላሸባቸውን ተክሎች በማየት ነው፤ ለክፍል ውስጥ ማስረጃም የሚያመቹት እነዚህ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 የተገለጸው የቲኤምኤም ብልሽት ቅጠሉን ተጣብቀው በተከመሩ ስቶማታ ይሞላዋል። የሚገርመው ያው ብልሽት በአንዳንድ የተክሉ ክፍሎች ላይ ስቶማታን ጭራሽ ያጠፋል፤ ተቀባዩ «አትሁኑ» ከማለት ያለፈ ሥራ እንዳለው ያወቅነው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 ደግሞ ሦስቱን ዋና ዋና እርምጃዎች የሚመሩት ሦስት ተዛማጅ ፕሮቲኖች ተገለጹ። ስፒችለስ ሲጠፋ ሽፋኑ እርስ በርሱ የተቆላለፈ የተራ ሕዋሳት ምንጣፍ ብቻ ይሆናል፤ ተክሉም ችግኝ ሳለ ያልቃል። ሚዩት ሲጠፋ ሜሪስተሞይዷ መቁረሷን ማቆም ያቅታትና ከሚገባው በላይ ተከፋፍላ እዚያው ትቀራለች። ፋማ ሲጠፋ ደግሞ የመጨረሻዋ እናት ሕዋስ አንድ ጊዜ ተከፍላ በማቆም ፈንታ ደጋግማ ትከፈላለች፤ የሚገኘውም የቀጫጭን ሕዋሳት ሰልፍ እንጂ ዘብ ሕዋስ አይደለም። ስለዚህ መጀመር፣ መቁረስን ማቆም፣ ዘብ ሕዋስ መሆን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፈቃጅ አላቸው።

አሁን ወደ ሌላው የተለመደ ስሕተት። ብዙዎች «ተራርቀዋል» ሲባል «በእኩል ርቀት ተደርድረዋል» ብለው ይረዱታል። ሕጉ እንዲህ አይልም። ሕጉ በሁለት ስቶማታ መካከል ቢያንስ አንድ ሌላ ሕዋስ ይኑር ነው የሚለው፤ ከዚያ በላይ አንድም ይሁን አምስት ግድ የለውም። ስለዚህ በማይክሮስኮፕ የሚያዩት ሥርዓት እንደ ሰንጠረዥ የተመዘነ አይደለም፤ በዘፈቀደ የተበተነም አይደለም። መጽሐፍዎ «ተበትነው» ማለቱ የሚያሳስተው ለዚህ ነው። በዘፈቀደ ቢበተኑ የሚነካኩ ጥንዶች በየቅጠሉ በብዛት ይገኙ ነበር። በነገራችን ላይ ሕጉን የማያከብሩ ተክሎች አሉ፤ የብዙ ቤጎንያ ዝርያዎች ስቶማታ በቡድን በቡድን ሆነው ይታያሉ። ቤጎንያ አግኝተው ተማሪዎቹን ያስደነቁበት እንደሆነ ሕጉ የቅርብ ጎረቤትን የሚመለከት የብዙኃኑ ልማድ እንጂ የተፈጥሮ ግዴታ እንዳልሆነ ይገባቸዋል።

የሣር ቤተሰብ ጉዳይ ለብቻው ነው። በበቆሎ ወይም በማንኛውም ሣር ቅጠል ላይ ስቶማታ ቅጠሉን ተከትለው በሰልፍ ይቆማሉ። ቅጠሉ የሚያድገው ከሥሩ ስለሆነ ትንሹ ዕድሜ ታች፣ ትልቁ ላይ ነው፤ የዕድገቱን ደረጃዎች በአንድ ቅጠል ርዝመት በቅደም ተከተል ማየት ይቻላል። እኩል ያልሆነው ክፍፍል አንድ ጊዜ ብቻ ይደረጋል፤ ትንሿ ሕዋስ ሁልጊዜ ወደ ቅጠሉ ጫፍ ባለው ጎን ትቀመጣለች፤ ጠመዝማዛ የለም። ከዚያ በግራና በቀኝ ካሉት ሰልፎች ሁለት ረዳት ሕዋሳትን ታስቆርሳለች፣ በመጨረሻም ራሷ ትከፈላለች። አንዱ ስቶማ አራት ሕዋሳት የሚኖሩት በዚህ ምክንያት ነው። በሣር ውስጥ የሚዩት ፕሮቲን ከእናቲቱ ወደ ጎረቤት ሕዋስ ይሻገራል፤ ረዳቶቹን የሚመለምለው ይኸው መሻገር ነው። ሙከራዎን በሣር አይጀምሩ፤ ለማሳየት ያምራል፣ ለቆጠራ ግን ሰልፉ ያስቸግራል።

ርቀቱ ለምን አስፈለገ ለሚለው ሁለት ምክንያቶች አሉ፤ አንዱ ከሌላው ይበረታል። ብርቱው ይህ ነው፦ ዘብ ሕዋስ ለመክፈት ፖታሲየምና ሌሎች ቅንጣቶችን ያስገባል፣ ውሃ ይከተላቸዋል፣ ሕዋሱ ያብጣል። ለመዝጋት መልሶ ያወጣቸዋል። የሚወስደውም የሚመልሰውም ዙሪያውን ካሉት ተራ ሕዋሳት ነው፤ ሲያብጥም የሚገፋው እነሱን ነው። ጎረቤቱ ሌላ ዘብ ሕዋስ ከሆነ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ለመውሰድና ለማበጥ ይሻማሉ። ስቶማታቸው የተጣበቀባቸው ተክሎች ሲለኩ የቀዳዳቸው ብዛት የሚያስገምተውን ያህል አየር አለማስተላለፋቸው ታይቷል።

ሁለተኛው የፊዚክስ ነው። ቀዳዳዎቹ ሙሉ በሙሉ ተከፍተው እንኳ በአብዛኛው ከቅጠሉ ገጽ 5 በመቶ አይሞሉም፤ ሆኖም ቅጠሉ ከሚተነው ውሃ ከ90 በመቶ በላይ በእነሱ በኩል ይወጣል። ብራውንና ኤስኮምብ እ.ኤ.አ. በ1900 እንዳሳዩት በጥቃቅን ቀዳዳ የሚያልፍ ጋዝ መጠን የሚከተለው የቀዳዳውን የገጽ ስፋት ሳይሆን ዲያሜትሩን ነው፤ ጋዙ ከጠርዙ ወደ ጎን ስለሚዘረጋ ማለት ነው። ሁለት ቀዳዳዎች በጣም ከተቀራረቡ ይህ የጠርዝ ጥቅም እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ከመጀመሪያው ያነሰ ክብደት የምሰጠው ነፋስና የቀዳዳው መክፈቻ መጠን በየሰዓቱ ስለሚለውጡት ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ። ተክል ውሃ ሲያጥረው ሁለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮች ያደርጋል፤ የሰሙት ወሬ ሁለቱን አደባልቋቸዋል። አንዱ መዝጋት ነው፤ አብሲሲክ አሲድ የተባለው ሆርሞን ይጨምርና ዘብ ሕዋሳቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይዘጋሉ፣ ውሃ ሲገኝ ይከፍታሉ። ቁጥር አይለወጥም። ሌላው ገና በመሠራት ላይ ባሉ ቅጠሎች ውስጥ ስንት ሜሪስተሞይድ እንደሚነሣ መወሰን ነው፤ ይህ ቀናትን ይወስዳል፣ ከተወሰነ በኋላም አይቀለበስም። ያደገ ቅጠል አዲስ ስቶማ አይጨምርም፤ ያለውንም አያጠፋም። በእጅዎ የያዙት የተዘረጋ ቅጠል ጉዳዩን ጨርሶ ነው የመጣው።

ወጥመዱ ያለው ግን በቆጠራው ላይ ነው። በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ያለው የስቶማታ ቁጥር ጥግግት ይባላል፤ ሁሉም የሚቆጥረው ይህንን ነው። ነጠብጣብ የተሳለበት ፊኛ ሲነፋ ነጠብጣቦቹ ይራራቃሉ እንጂ አይቀንሱም፤ ቅጠልም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ በማይክሮስኮፑ እይታ ውስጥ 20 ስቶማታና 80 ተራ ሕዋሳት ነበሩ እንበል። የቅጠሉ ስፋት እጥፍ ሲሆን በዚያው እይታ ውስጥ 10 ስቶማታና 40 ተራ ሕዋሳት ይቀራሉ። ጥግግቱ በግማሽ ወረደ፤ አንድም ስቶማ ግን አልጠፋም። ውሃ የተቀነሰበት ተክል ደግሞ በተቃራኒው ሕዋሳቱ ሳይለጠጡ ትናንሽ ሆነው ይቀራሉ። በአንድ እይታ ውስጥ ብዙ ስቶማታ ይታያሉ፤ ተማሪዎቹም «ድርቅ ስቶማታን ያበዛል» ብለው ይጽፋሉ። የተሳሳተ ነገር ያሳይዎታል ያልኩት ይህንን ነው።

መፍትሔው ጥንታዊ ነው። ሳልስበሪ እ.ኤ.አ. በ1927 ያቀረበው የስቶማታ ኢንዴክስ የስቶማታን ቁጥር ለስቶማታና ለተራ ሕዋሳት ድምር አካፍሎ በ100 ማብዛት ነው። ሁለቱ ዘብ ሕዋሳት እንደ አንድ ይቆጠራሉ። በላይኛው ምሳሌ ከመለጠጡ በፊትም በኋላም ኢንዴክሱ 20 ነው። ኢንዴክስ የሚለካው ውሳኔውን ነው፤ ጥግግት ውሳኔውንና መለጠጡን አንድ ላይ ይለካል። ጥግግትን ብቻ ይዞ ስለ ስቶማታ አፈጣጠር የሚናገር ሪፖርት ሲያጋጥምዎት አይመኑት።

ውሳኔውን የሚገፉት ነገሮች ብዙ ናቸው። ብርሃን ሲበረታ በብዙ ተክሎች ስቶማታ ይበዛሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር በብዙዎች ይቀንሳሉ፤ ውድዋርድ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ጥናት በዕፀዋት ስብስብ የተቀመጡ የዛፍ ቅጠሎችን ቆጥሮ በ200 ዓመት ውስጥ ጥግግቱ በ40 በመቶ ገደማ መውረዱን አሳይቷል። ከፍ ያለ ሙቀት በአራቢዶፕሲስ ስፒችለስን በማዳከም ይቀንሳቸዋል። አብሲሲክ አሲድም ሲበዛ የመጀመሪያዎቹን ክፍፍሎች ይገታል፤ የውሃ እጥረት በቁጥሩ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ አንዱ መንገድ ይህ ነው። ለሙከራ የሚጠቅምዎት ግን እ.ኤ.አ. በ2001 የታወቀው ነው፦ ቡቃያው የራሱን አካባቢ ብቻ አያነብም። ያደጉት ቅጠሎች ያገኙት ብርሃንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አዲሱ ቅጠል መልእክት ይልካል፤ የአዲሱም ቁጥር በዚያ ይመራል። ስለዚህ አንድን ቡቃያ ብቻ ሸፍኖ ሌላውን ለብርሃን መተው የተምታታ ውጤት ይሰጣል። ማስተካከል ያለብዎት ሙሉውን ተክል ነው።

እንግዲህ የምመክርዎት ይህን ነው፦ ውሃውን ይተዉት፣ ብርሃንን ይፈትኑ። የውሃ እጥረት ሕዋስ ያሳንሳል፣ ቅጠል ያጠወልጋል፣ መጠኑን በየማሰሮው እኩል ማድረግም አስቸጋሪ ነው። ብርሃን ግን በጥላ ጨርቅ በቀላሉ ይቆጣጠሩታል። ቅጠሉ ለስላሳ፣ ጸጉር አልባ የሆነና ቶሎ ቶሎ አዲስ ቅጠል የሚያወጣ ተክል ይምረጡ፤ የጎመን ቤተሰብ ከሆነ ሦስቱን ከባቢ ሕዋሳትም ያሳይዎታል። አንድ ዓይነት ችግኞችን ለሁለት ይክፈሉ፤ ግማሹን ሙሉ ብርሃን፣ ግማሹን ከባድ ጥላ ውስጥ ያድርጉ። ውሃው ለሁለቱም እኩል ይሁን። በዚያን ቀን የሚታየውን የመጨረሻ ቅጠል በክር ምልክት ያድርጉበት። የሚቆጥሩት ከምልክቱ በኋላ የወጣ፣ ሙሉ በሙሉ የተዘረጋ ቅጠል ይሆናል። ከምልክቱ በላይ የመጀመሪያውን አንድ ወይም ሁለት ይዝለሉ፤ ሙከራው ሲጀመር ለዓይን ባይታዩም በቡቃያው ውስጥ መሠራት ጀምረው ነበርና። ከሁለቱም ወገን ተመሳሳይ ተራ ያለውን ቅጠል ያወዳድሩ።

ቆጠራው በቀለም አልባ የጥፍር ቀለም ይሠራል። ስስ አድርገው በቅጠሉ ጀርባ ይቀቡ፣ በደንብ ይድረቅ፣ በግልጽ ፕላስተር ገልጠው በመስታወቱ ላይ ይለጥፉ። ከትልቁ የቅጠል ሥር (ውሃ ከሚያመላልሰው ጅማት) ይራቁ፤ በሥሩ ላይ ያሉ ሕዋሳት ረጃጅም ናቸው፣ ስቶማታም አይገኝባቸውም ወይም ያንሳሉ። ከጠርዙም ከጫፉም ራቅ ብለው ከመሐል ይውሰዱ፤ ከአንድ ቅጠል ቢያንስ አምስት ቦታ ይቁጠሩ፤ በአንድ ወገን ቢያንስ ስድስት ተክል ይኑር። የላይኛውን ገጽም አይርሱ፤ ብዙ ዛፎች ስቶማታ ያላቸው በጀርባ ብቻ ነው፣ ብዙ አዝርዕት ግን በሁለቱም ገጽ አላቸው፣ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የኒምፊያ ቅጠል ደግሞ በላይ ብቻ ነው ያለው። የተቀባው ቦታ ስለሚጎዳ ሁለተኛ ከዚያው ቦታ አይውሰዱ። አንድ ጥንቃቄ ይጨመርበት፤ የጥፍር ቀለም አሻራ ቁጥርን በታማኝነት ያሳያል፣ ቀዳዳው ምን ያህል ክፍት እንደነበር ግን አያሳይም። በአሻራ መክፈትና መዝጋትን ለመለካት የሚሞክር ተማሪ ካለ ያስቁሙት። ሜሪስተሞይዶችንም በዚህ መንገድ ለማየት አይድከሙ፤ የሚገኙበት ቡቃያ ለመቀባት የማይመችና ለአሻራ ያልበሰለ ነው።

ስለሚረጨው። አብሲሲክ አሲድ ቢረጭ ያሉትን ስቶማታ ይዘጋል፤ ቁጥራቸውን ከቅጠሉ ላይ አያነሣም። ስስ ሽፋን የሚሠሩ የትነት መቀነሻዎችም ቀዳዳውን ይደፍናሉ እንጂ አያጠፉም፤ ከውሃው ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይዱንም ይከለክላሉ። የተጣራ ኢፒኤፍ-2 በቤተ ሙከራ ለታዳጊ ችግኝ ሲሰጥ አዳዲስ ስቶማታን ያሳንሳል፤ ይህ ግን የምርምር መሣሪያ ነው፣ በማደግ ላይ ባለ ሕዋስ ላይ ብቻ ይሠራል። እውነተኛው መንገድ በዘር በኩል ነው። ኢፒኤፍ-1ን አብዝተው እንዲያመርቱ የተደረጉ ገብስና ሩዝ ስቶማታቸው ቀንሶ፣ ውሃ አጠቃቀማቸው ተቆጥቦ፣ ድርቅን በተሻለ ሲቋቋሙ ታይተዋል፤ ጥናቶቹ እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2019 ወጥተዋል። ገደቡም እዚያው ነው፤ ቅጠል የሚቀዘቅዘው በትነት ነው፣ የሚመገበውም በዚያው ቀዳዳ ነው። ኃይለኛ ፀሐይና በቂ ውሃ ባለበት ቦታ ቀዳዳ ያነሰው ተክል ሊሞቅና ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። «ያነሰ ስቶማ የተሻለ ተክል» የሚል ደንብ የለም።

ሲቆጥሩ ሁለት የተነካኩ ስቶማታ ቢያጋጥሙዎት ስሕተት ነው ብለው አይጣሉት። ጤነኛ ቅጠል ላይም አልፎ አልፎ ይገኛል፤ ተማሪዎቹ ለብቻ በሌላ ዓምድ ይመዝግቡት። በአንደኛው ወገን ጎልቶ ከበዛ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው አሻራው ነው፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ከተገለጠ ይሸበሸብና በመካከል ያለችውን ሕዋስ ይደብቃታል። እንደገና ቀብተው ያረጋግጡ።